የላም ድራትና ኤስትሮጅን፦ የማዳቀያውን ሰዓት ስለ ማወቅ

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ቤት ውስጥ ታስረው የሚቀለቡ ላሞች ብዙ ናቸው። ፍጋቸው ለእንሰቱ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የታሰረች ላም ኮርማ መፈለጓ በቀላሉ አይታወቅም። አንድ ድራት ካመለጠ የሚቀጥለውን 21 ቀን ያህል መጠበቅ ግድ ነው። ይህም የወተትና የጥጃ ኪሣራ ነው።

ኤስትሮጅን ምን ይሠራል?

ኤስትሮጅን ከኮሌስትሮል የሚሠራ ስቴሮይድ ሆርሞን ነው። ዋነኛው ዓይነት ኤስትራዲዮል ሲሆን፣ የሚመነጨው በእንቁልጢ ላይ ከሚያድገው የእንቁላል ከረጢት ነው። ከረጢቱ ሲያድግ ሆርሞኑ በደም ውስጥ ይበዛና፦

ሀ/ አንጎልን ቀስቅሶ ላሟ ኮርማ እንድትፈልግ ያደርጋል፤
ለ/ የማህፀንን በር አላልቶ የጠራ ልጋግ ያስወጣል፤
ሐ/ ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ሌላ ሆርሞን እንድትለቅ ያደርጋል፤ በዚህም ከረጢቱ ፈንድቶ እንቁላሉ ይወጣል።

እንቁላሉ የሚወጣው ድራቱ ካበቃ ከ10 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። የማዳቀያው ሰዓት የሚሰላው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ምልክቶቹ

ዋነኛው ምልክት ሌላ ላም ስትወጣባት ጸንታ መቆሟ ነው። መጮህ፣ መቁነጥነጥ፣ የወተት መቀነስና ልጋግ ይከተላሉ። የአገራችን ላሞች ድራት አጭር ነው፤ ሌሊትም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ላሟን የምታልበውን እመቤት ሳይጠይቁ ማለፍ አይገባም።

ምክራችን

1. ላሞችን ጧትና ማታ ለግማሽ ሰዓት በጀፎረው ወይም በግቢ ፈትቶ አብረው ሲቆሙ መመልከት።
2. ጧት ምልክት ያሳየችውን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ያሳየችውን በማግሥቱ ጧት ማስዳቀል።
3. ቀኑን መዝግቦ ከ18ኛው እስከ 24ኛው ቀን እንደገና መከታተል።
4. ማኅበሩ ከከተማው አዳቃይ ጋር የሚገናኝ አንድ ኃላፊ መመደብ።

ማስጠንቀቂያ

ላሞችን በአንድ ጊዜ ለማዳቀል የሚወጋው ፕሮስታግላንዲን ኤስትሮጅን አይደለም። በእንቁልጢ ላይ ያለውን ቢጫ አካል አጥፍቶ ፕሮጄስትሮን የተባለውን የእርግዝና ጠባቂ ሆርሞን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ አዲሱ ከረጢት አድጎ ኤስትሮጅን ያመነጫል። ስለዚህ እርጉዝ ላም ብትወጋ ታስወርዳለች። አስቀድሞ በባለሙያ ሳትመረመር ምንም ላም እንዳትወጋ አደራ እንላለን። መድኃኒቱ በቆዳ ስለሚገባ እርጉዝ ሴቶች ፈጽሞ ሊነኩት አይገባም። የከሳችና ምግብ ያጠራት ላም ደግሞ መርፌው ብቻ አይጠቅማትም፤ አስቀድሞ መኖዋ ይስተካከል።