ስድስት ወር በማይነጋበት አገር ጢስ የሚቆጥሩ ሰዎች

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ፀሐይ ከዓመት እስከ ዓመት ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። የቀኑና የሌሊቱ ርዝመትም በየወሩ እምብዛም አይለያይም። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚነጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻም የሚመሽ አገር አለ ሲባል ተረት ይመስለናል። ነገር ግን ተረት አይደለም። ምድራችን ቀጥ ብላ ሳይሆን ዘንበል ብላ ስለምትዞር፣ በሰሜንና በደቡብ ዋልታ ላይ ፀሐይ አንድ ጊዜ ከጠለቀች ስድስት ወር ያህል ተመልሳ አትታይም። ብርዱም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በደቡብ ዋልታ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይብሳል።

በዚህ ጨለማና ብርድ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ የሚከርሙ ሰዎች አሉ። ምን ፈልገው ይሆን? ወርቅ ነውን? ወይስ የነዳጅ ዘይት? አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ የሚፈልጉት ጢስና አቧራ ነው ቢባሉ ይስቁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አለመሆኑን ወደ ታች ሲያነቡ ይረዱታል።

በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር ደቃቅ ብናኝ ሁሉ በሳይንስ ቋንቋ «ኤሮሶል» ይባላል። የምድጃ ጥላሸት፣ የበረሃ አቧራ፣ ከባሕር ማዕበል የሚነሣ ጨው፣ ከእሳተ ገሞራና ከፋብሪካ የሚወጣው የድኝ ጢስ የሚፈጥረው ብናኝ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላል። በዋልታ አካባቢ ከሚገኘው ብናኝ አብዛኛው ከራስ ጠጉር ውፍረት መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ያነሰ ስለሆነ፣ አንዱን ለብቻው ለይቶ ለማየት ዓይን አይችልም።

እሳት የሌለው ጢስ

እሳት በሌለበት ጢስ አይታይም ይባላል። በሰሜን ዋልታ ግን ይህ አባባል ሳይሠራ ቀረ። በ1950ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ አየር ኃይል የአየር ጠባይ ተመልካች አውሮፕላኖች ከአላስካ እየተነሡ በሰሜኑ የበረዶ ውቅያኖስ ላይ ይበሩ ነበር። በራሪዎቹም ደመና በሌለበት ሰማይ አንድ ጉም መሰል ነገር እየጋረዳቸው ሩቅ ለማየት እንደሚቸገሩ ተናገሩ። መሪ ሚቸል የተባለ አሜሪካዊ የአየር ጠባይ ሊቅ ይህንን ወሬ ሰብስቦ መረመረና «የአርክቲክ ጭጋግ» አለው። ከየት እንደመጣ ግን በጊዜው የሚያውቅ አልነበረም። ከተማ በሌለበት፣ ፋብሪካ በሌለበት፣ ዛፍ እንኳ በማይበቅልበት በረዶ ላይ ማን እሳት ያነዳል?

በ1970ዎቹ የአላስካው ግሌን ሾውና የሮድ አይላንዱ ኬኔት ራን ነገሩን እንደ መርማሪ ፖሊስ ተከታተሉት። በመጀመሪያ ያገኙት አሻራ ከእስያ በረሃዎች የተነሣ አቧራ ነበር። ነገር ግን በክረምት የተሰበሰበው ማጣሪያ ወረቀት በላቦራቶሪ ሲመረመር ሌላ ነገር ገለጠ፤ ድኝ፣ ጥላሸትና ቫናድየም የሚባል ማዕድን ተገኘበት። ቫናድየም ደግሞ ወፍራም የነዳጅ ዘይት ሲቃጠል ከጢሱ ጋር የሚወጣ ነው። ራን የማዕድናቱን መጠን እርስ በርሳቸው እያነጻጸረ እንደ ጣት አሻራ ተጠቀመባቸው። ሲጣራም ጢሱ በብዛት የአውሮፓና የሶቪየት ኅብረት ፋብሪካዎችና የማዕድን ማቅለጫዎች ጢስ ሆኖ ተገኘ። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሰው ዘር በሌለበት በረዶ ላይ አርፎ ነበር።

ለምን በክረምት?

እዚህ ላይ ክረምት ሲባል የእኛን የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ አያስቡ። የሰሜን ዋልታ ክረምት እኛ አዝመራ በምንሰበስብበት ጊዜ የሚብስ ደረቅ ብርድ ነው። ጭጋጉ የሚከማቸውም በዚሁ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከበረዶው ጋር የተጣበቀው ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከላዩ ያለው ሞቅ ያለ አየር እንደ ድስት ክዳን ይገጥመዋል፤ የገባው ጢስም በቀላሉ አይወጣም። ሁለተኛ፣ አየሩን የሚያጥብ ዝናብና በረዶ በጣም ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ በክረምት ቀዝቃዛው አየር ወደ ደቡብ እየሰፋ ስለሚመጣ ፋብሪካ የሞላባቸውን የሰሜን አውሮፓና የእስያ አገሮች በጉያው ያቅፋል። በዚህ ምክንያት ጢሱ ለሳምንታት ሳይበተን ይቆያል፤ ጭጋጉም በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ፣ ፀሐይ ተመልሳ ስትወጣ፣ እጅግ በዝቶ ይታያል።

ጨለማ የሚያሳውራቸውና ጨለማ የሚረዳቸው መሣሪያዎች

በሌላው ዓለም የአየር ብናኝን ለመለካት የተለመደው ዘዴ ፀሐይን መመልከት ነው። መሣሪያው ወደ ፀሐይ ያነጣጥርና ብርሃንዋ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደቀነሰ ይመዘግባል። በዋልታ ክረምት ግን ፀሐይ የለችም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ወደ ከዋክብት ዞሩ። በስፒትስበርገን ደሴት ኒ-ኦሌሱንድ በሚባለው የምርምር ሠፈርና በሰሜን ካናዳ በዩሬካ፣ መነጽሩን በአንድ ደማቅ ኮከብ ላይ ተክለው ብርሃኑ ምን ያህል እንደደበዘዘ ይለካሉ። የኮከብ ብርሃን ደካማ ስለሆነ ሥራው ትዕግሥት የሚፈትን ነው፤ በመስተዋቱ ላይ ትንሽ ውርጭ ቢያርፍ ወይም ስስ ደመና ቢያልፍ ልኬቱ ይበላሻል። በጨረቃ መለካትም ይቻላል። በዚያ አገር ክረምት ሙሉ ጨረቃ ሳትጠልቅ ብዙ ቀን ስለምትቆይ ጥሩ ፋኖስ ትሆናለች፤ ስትጎድል ግን መሣሪያው ሥራ ይፈታል።

ሌላው መሣሪያ ሊዳር ይባላል። እርስዎ በሣር ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሳለ በግድግዳው ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ሲገባ፣ በሌላ ጊዜ የማይታየው አቧራ በጨረሩ ውስጥ ሲጨፍር አይተው ይሆናል። የሊዳር ምሥጢር ከዚህ አይርቅም። የሌዘር ብርሃን በአጭር በአጭሩ ወደ ሰማይ ይተኮሳል፤ ብናኝ ሲያገኝ ጥቂቱ ወደ ምድር ይመለሳል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ የተመለሰው የሚደርሰው ከ67 የሰከንድ ሚሊዮንኛ በኋላ ነው። መሣሪያው ይህን ጊዜ ቆጥሮ ጢሱ በየትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ ያስታውቃል። የፀሐይ ብርሃን ስለማያውከው፣ ለፀሐይ መለኪያው ጠላት የሆነው ጨለማ ለሊዳር ወዳጅ ነው።

በሦስተኛው መሣሪያ አየሩ ራሱ ይቆጠራል። ስኮትላንዳዊው ጆን ኤይትከን በ1880ዎቹ በፈጠረው ዘዴ፣ ብናኙ በእንፋሎት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረግና በእያንዳንዱ ላይ የጤዛ ጠብታ ይበቅልበታል። ትንሹ እንዲህ ካደገ በኋላ መቁጠር ይቻላል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች በውሃ ፈንታ ብዙ ጊዜ የአልኮል እንፋሎት ይጠቀማሉ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የለኪው የራሱ ጢስ ነው። ሰው ባለበት ምድጃ፣ ሞተርና መኪና አለ። ስለዚህ በካናዳ ጫፍ በአለርት የአየር መለኪያው ቤት ከሠፈሩ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተሠርቷል። በደቡብ ዋልታም ነፋሱ በብዛት ከሚመጣበት በኩል ያለው ምድር «ንጹሕ የአየር ክልል» ተብሎ ተከልሏል።

በበረዶ የታሰረችው መርከብ

በመስከረም 2019 ፖላርሽቴርን የምትባል የጀርመን የምርምር መርከብ ከኖርዌይ ከትሮምሶ ወደብ ተነሣች። የስምዋ ትርጉም «የዋልታ ኮከብ» ማለት ነው። በጀርመናዊው ሊቅ ማርኩስ ሬክስ መሪነት ሆን ብላ በበረዶው ውስጥ ታስራ፣ በረዶው ወደሚወስዳት እየተንሳፈፈች ከረመች። ኖርዌያዊው ናንሰን ፍራም በምትባል መርከብ ከ1893 ጀምሮ ያደረገውን የሚመስል ጉዞ ነበር። በየካቲት 2020 ከሰሜን ዋልታ 156 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደረሰች። ሠራተኞቹ በጨለማ በበረዶው ላይ ሲሠሩ፣ ነጭ ድብ እንዳይመጣባቸው ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ይቆምላቸው ነበር። የመርከቢቱ ጢስ በነፋስ ወደ መሣሪያዎቹ ሲመለስ የተለካው ሁሉ፣ ስንዴ ከእንክርዳድ እንደሚለይ፣ ኋላ ተለይቶ ወጣ።

የሊዳሩ ጨረር በዚያ ክረምት ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ከመርከቢቱ በላይ ከ7 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሰፊ የብናኝ ንጣፍ ተዘርግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። የላይፕዚግ ሊቃውንት በ2019 በጋ በሳይቤርያ ደኖች ላይ የተነሣው የሰደድ እሳት ጢስ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ በዚያው ዓመት በሰኔ የፈነዳው የራይኮኬ እሳተ ገሞራ የድኝ ብናኝ ትልቁን ድርሻ ይይዛል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ የከንቱ አይደለም። አንዱ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ሌላው ግን ምድር እየሞቀች በሄደች ቁጥር እየበዛ የሚመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ጥላሸት በነጭ በረዶ ላይ ሲያርፍ በረዶው የፀሐይን ሙቀት መመለስ ትቶ ይጠጣል፤ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ፀሐይ ላይ ቶሎ እንደሚሞቀው ማለት ነው። ብናኙ ከደመና ጋር ሲገናኝ ደግሞ ደመናው ከምድር የሚወጣውን ሙቀት አጥብቆ እንዲይዝ ሊያደርገው ይችላል። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ከ1979 ወዲህ ከመላው ዓለም አማካይ ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ሞቋል። ዋናው ምክንያት ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጣው የካርቦን ጋዝ ቢሆንም፣ የጢሱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ካልተለካ የነገው የአየር ጠባይ ስሌት ጎደሎ ይሆናል። ያለፈ ክረምትም ተመልሶ አይለካም፤ በዚያ ሌሊት ማጣሪያ ወረቀቱን የሚቀይር ሰው ከሌለ የዚያ ክረምት ታሪክ ለዘለዓለም ጠፍቶ ይቀራል።

ልፋቱ ፍሬ ማፍራቱንም እንመልከት። በአለርት ከ1980 ጀምሮ የተጻፈው መዝገብ እንደሚያሳየው፣ አውሮፓ ጢስን የሚገድብ ሕግ ካወጣችና የሶቪየት ኅብረት ብዙ ፋብሪካዎች ከተዳከሙ በኋላ በክረምቱ ጭጋግ ውስጥ ያለው የድኝ ብናኝ በጣም ቀነሰ። ሰው እሳቱን ሲቀንስ በዓለም ጫፍ ያለው ሰማይ ጠራ ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በየጢስ መውጫችን ወጥቶ ከዓይናችን ሲሰወር ጠፋ የምንለው ጢስ አልጠፋም። አንዳንዱ ሩቅ ተጉዞ፣ አንድ ሰው በጨለማ ውስጥ በኮከብ ብርሃን ሲቆጥረው ይገኛል። ያልተለካ ጢስ የማንም አይደለም፤ የተለካ ጢስ ግን ባለቤቱ ይታወቃል።