በብርድ ቦታ የሚተከል የመጠለያ ድንኳንና የማሞቂያው አያያዝ

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ለተፈናቀለ ሕዝብ የሚተከለው ድንኳን ከፀሐይና ከዝናብ መከለያ ተደርጎ ብቻ መታየቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በደጋ አካባቢ ብርድ ከረሃብ ጋር ተደርቦ ሕይወት ያጠፋል። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ኮረም ከተሰበሰበው ሕዝብ ብዙው ያለ በቂ መጠለያና ልብስ ሌሊቱን በሜዳ ላይ ያሳልፍ ነበር። ሰውነቱ የመነመነ ሰው ሙቀት የሚያመነጭበት ምግብም ሆነ ሙቀቱን የሚይዝበት ስብ ስለሌለው፣ ጤነኛው የሚቋቋመው ብርድ እርሱን ይገድለዋል።

በሌላም አገር ይኸው ችግር ታይቷል። መስከረም 28 ቀን 1998 ዓ.ም. በፓኪስታን ካሽሚር በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ70,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ሚሊዮኖች ቤት አልባ ሆኑ። ከታደሉት ድንኳኖች ብዙዎቹ ለበረዶ ወራት የተሠሩ ስላልነበሩ ተረጂዎቹ በውስጣቸው እሳት ማንደድ ግድ ሆነባቸው፤ የድንኳን ቃጠሎም ደረሰ። የበረደው ሰው እሳት ማስገባቱ አይቀርምና ክልከላ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የጣቢያ ኃላፊዎች ተግባር ድንኳኑ ጥቂት እሳት እንዲበቃው አድርጎ መትከል፣ ያችንም ጥቂት እሳት ጢሷን በቱቦ ወደ ውጭ ማስወጣት ነው።

የሸለቆ ወለል ለተከላ የተመቸ ቢመስልም፣ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ የሚተኛው እዚያ ነው። ስለዚህ ከወለሉ ከፍ ያለ፣ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ይመረጣል፤ በሩም ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ ይመለሳል። ከዚያ የሚቀጥለው መሬቱ ነው። መሬቱ ባዶ ከሆነ የተኛውን ሰው ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይስበዋል፤ ከላይ የሚደረበው ብርድ ልብስም ጥቅሙ ይቀንሳል። በሸራ ወይም በላስቲክ ላይ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ በወፍራሙ ጎዝጉዞ ሰሌን ወይም ቁርበት ማንጠፍ ወጪው አነስተኛ፣ ፋይዳው ግን ከፍተኛ ነው። በድንኳኑ ውስጥ ሌላ ጨርቅ በጥቂት ጣት ርቀት ሲዘረጋ በመካከሉ የሚቀረው አየር ሙቀቱን ይይዛል። የግድግዳው ግርጌ በአፈር ይደፈናል፤ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈራል።

ምድጃው ክዳንና ቱቦ ያለው የብረት ምድጃ መሆን አለበት። በድንጋይ ወይም በአሸዋ ላይ ተቀምጦ ሕፃናት እንዳይነኩት ይታጠራል። የጋለው ቱቦ ሸራውን እንዳይነካ፣ የሚወጣበት ስፍራ ተቆርጦ ሰፊ ቆርቆሮ ይገጠምበታል። የቱቦው ጫፍ ከጣሪያው በላይ ከፍ ይላል፤ ፍንጣሪ እንዳያመልጥም የሽቦ ወንፊት ይደረግበታል።

ቱቦ የሌለው የከሰል ማንደጃ በምንም ምክንያት አይፈቀድም። የፋመ ከሰል ጢስ ስለማይታይበት ብዙ ሰው የማይጎዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀለምም ሽታም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ይህም በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ እየያዘ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። አንድ የአየር መግቢያ ከታች፣ አንድ መውጫ ከጣሪያው አጠገብ ዘወትር ክፍት መሆን ይኖርበታል። ብርድ ይገባብናል በማለት ቀዳዳዎቹን በጨርቅ መወተፍ የተለመደ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ለእናቶችና ለሽማግሌዎች በቅድሚያ ማስረዳት ከቁጥጥር ይበልጥ ይረዳል።

የዓለም አቀፉ የስፌር መመሪያ በድንኳኖች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ በየ300 ሜትሩም 30 ሜትር የእሳት መከላከያ ክፍት ቦታ እንዲተው ይጠይቃል። በየበሩ አንድ ባልዲ አሸዋ ይቀመጣል። ከመኝታ በፊት እሳቱ መጥፋቱን የሌሊት ዘበኛው እየዞረ ያረጋግጣል። ጠዋት ከአንድ ድንኳን ሁለት ሦስት ሰዎች ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይዟቸው ከመጡ፣ የጤና ረዳቱ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ያወጣል፤ ምድጃውና የአየር መግቢያው ሳይመረመሩም ማንም ወደዚያ ድንኳን ተመልሶ እንዲያድር አይፈቅድም።