ወባ ያልሆነው ላብ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ወልቂጤ ውስጥ አንዲት የ49 ዓመት እናት ከእንቅልፏ ትባንናለች። ከደረቷ የተነሳ ሙቀት አንገቷንና ፊቷን አልፎ ሽቅብ ወጥቷል፤ ልቧ ይደልቃል፤ የሌሊት ልብሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። ብርድ ልብሱን ገፋ ታደርገዋለች። ወዲያው ደግሞ ይበርዳትና መልሳ ትጎትተዋለች። ሲነጋ ልጇ «እማዬ፣ ወባ ይሆናል፣ ተመርመሪ እንጂ» ትላታለች። ትመረመራለች፤ ደሟ ነጻ ነው።

ይህችን እናት ለምሳሌ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ሌሊቷ ግን የብዙ ሴቶች ሌሊት ነው። ለጊቤ ሸለቆ ቅርብ በሆነ አገር ላብና ብርድ ሲፈራረቅ ወባን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ መመርመሯም ትክክል ነው። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። ደሟ ነጻ ከሆነ «እንግዲያው ሐሳብ ነው» ይባልና ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። የወር አበባሽ መቼ ነበር የመጣው ብሎ የሚጠይቃት አይገኝም።

አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያርጣሉ። አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ለውጡ የሚጀምረው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በእነዚያ ዓመታት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በአንድ ቀን አይጠፋም፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያለ ይቆያል። አንጎላችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቅ ሃይፖታላመስ የሚባል ክፍል አለ። እሳት እንደምትጠብቅ ጋጋሪ አስቡት። ምጣዱ ትንሽ ጋል ሲል የለመደች ጋጋሪ አትደነግጥም፣ አንድ እንጨት ሳብ ታደርጋለች። ኤስትሮጅን ሲዋዥቅ ግን ይህ ጠባቂ ድንጉጥ ይሆናል። ሙቀት በጥቂቱ ጨመር ሲል ቤቱ የተቃጠለ ይመስለዋል፤ የቆዳ ደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ላብ ያስወጣል፣ ሴትየዋን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። በአሜሪካ ከተለያየ ዘር የመጡ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ይህ ወላፈን በመካከለኛ ግምት 7.4 ዓመት እንደሚቆይ አሳይቷል። እንግዲህ አንዲት ሴት «ይለፍልኝ» ብላ ልትታገሠው የምትችለው የአንድ ክረምት ነገር አይደለም።

ሆርሞንና እንቅልፍ የሚገናኙት ግን በማረጥ ዕድሜ ብቻ አይደለም። እንቅልፍ እንዲወስደን የሰውነታችን ሙቀት ዝቅ ማለት አለበት። በየወሩ እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይጨምርና የሰውነትን ሙቀት ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ይኸው ሆርሞን ማረጋጋትም ያውቅበታል፤ የወር አበባ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው በድንገት ሲቀንስ ግን ያ መረጋጋት አብሮት ይሄዳል። በየወሩ ሁለት ሦስት ሌሊት የምትገላበጥ ወጣት፣ ቀኑን ብትመዘግበው ምክንያቱን ራሷ ትደርስበታለች።

ወደ እርግዝና ስመጣ ቡታጅራ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ይህች ከተማ በአገራችን የጤና ምርምር ታሪክ ትልቅ ስም አላት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም የጀመረው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የሚወለደውና የሚሞተው ሰው ሲመዘገብ ኖሯል። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ተመራማሪዎች እዚያው 1,065 ነፍሰ ጡሮችን መዝግበው እስከ ወሊድና ከወሊድም በኋላ ተከታትለዋል። የጠየቋቸው የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጃቸው 20 ቀላል ጥያቄዎች ነው። ራስ ምታት አለሽ ወይ? የምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል ወይ? ከእነዚህ አንዱ ጥሩ እንቅልፍ ትተኛለች ወይስ አትተኛም የሚል ነው። በእርግዝና ጊዜ በጭንቀትና በድብርት ከተጎዱት መካከል ምጥ የሚረዝምባቸውና ሕፃኑን ቶሎ ጡት የማያስይዙ እንደሚበዙ ታየ፤ ጭንቀቱ ከወሊድ በኋላም ያልለቀቃቸው እናቶች ልጆች ደግሞ በተቅማጥ ይበልጥ ይታመሙ ነበር። እንቅልፍን መጠየቅ ትርፍ ወሬ አለመሆኑን ያስተማረን የራሳችን አገር ነው።

የእንግዴ ልጁ እንደወጣ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። አራስ በሌሊት መነሳቷ ያለ ነው። ልብ የሚባለው ሌላ ነው፤ ሕፃኑ ተኝቶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ እሷ ግን ዓይኗ ፈጦ ካደረች፣ ይህ ድካም ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች ወይም በራሷም ሆነ በሕፃኑ ላይ ክፉ ሐሳብ ከመጣባት በዚያው ቀን ሐኪም ይያት። አራስ መጠየቅ መልካም ባህላችን ነው፤ ገንፎ ይዞ መምጣትም እንዲሁ። እኔ ግን ከጠያቂዎቹ አንዷ ሕፃኑን ተቀብላ «ሂጂ፣ ሁለት ሰዓት ተኚ» ብትላት ከሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ነው እላለሁ። በተለይ ባሏ ለንግድ አዲስ አበባ ለከረመባት፣ እንሰቱንም ጓዳውንም ብቻዋን ለያዘች የጉራጌ እናት።

ስለ ቡናም ሳልናገር አላልፍም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ከሰዓት በኋላም ይጠጣል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በጤነኛ ሰው ላይ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ኤስትሮጅን ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይቀንሰዋል፤ ኤስትሮጅን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትውጥ ሴት ላይ ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ደግሞ ወደ 15 ሰዓት ይደርሳል። እስቲ አስሉት፤ ነፍሰ ጡሯ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ከጠጣችው ቡና የካፌይኑ ግማሽ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓትም ደሟ ውስጥ ነው። በሦስት ወሩ መርፌና በክንድ በሚቀበረው ውስጥ ኤስትሮጅን ስለሌለ ይህ አያሰጋም። ቡናው ይቅር አልልም፤ ጠዋት ይፈላ ነው የምለው። ጫት ደግሞ ራሱ የሚያነቃቃ ነገር ስላለው እንቅልፍ ላጣች ሴት ፈጽሞ አይሆንም።

ነፍሰ ጡሮች «እግሬን ይወረኛል፣ ካልተንቀሳቀስኩ አላርፍም» ሲሉ ይሰማል። ይህ ስም ያለው ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜም የሰውነት ብረት ሲያንስ ይመጣል። በእርግዝና ክትትል ላይ የሚሰጠው የብረት እንክብል ለዚህም ይጠቅማል፤ ከቡና ወይም ከሻይ ጋር ከተዋጠ ግን ሰውነት በሚገባ አይወስደውም። በውኃ ይዋጥ።

ወደዚያች የወልቂጤ እናት ልመለስ። በአንድ ከባድ ብርድ ልብስ ፋንታ ስስ ስስ ነገር ደራርባ ትተኛ፤ ሲሞቃት አንዱን ትገፍፋለች። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ትነሳ፤ ፀሐያችን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትወጣ የማለዳው ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ለማቃናት ይረዳታል። አልጋ ላይ ነቅታ እየተገላበጠች ከቆየች ትነሳና ቁጭ ትበል፤ አልጋው የትግል ቦታ አይሁን። ጎረቤት የሰጣትን የእንቅልፍ ኪኒን ግን አትዋጥ፤ እንደ ዲያዜፓም ያሉት ሱስ ያስይዛሉ። ለወላፈኑ ሐኪም የሚያዝዘው የሆርሞን ሕክምና በሚገባ ይሠራል፤ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ለነበረባት ሴት ግን ስለማይሆን ታሪኳን ሳትደብቅ ትንገር። እንቅርት ካለባት ወይም እየከሳች እጇ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ላቡ ከታይሮይድ ሊሆን ይችላልና ይመርመር። ካረጠች በኋላ ደም ካየች፣ ጥቂትም ቢሆን፣ አትቆይ።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዛ ብትሄድ ደግሞ ነገሩን ታቀላለች፤ መቼ እንደተኛች፣ ስንት ጊዜ እንደባነነች፣ ቡና መቼ እንደጠጣች፣ የወር አበባዋ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ እንደሆነ። መጻፍ ካልቻለች ልጇ ትጻፍላት። ያም ባይሆን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አለ፤ ላብ በቀሰቀሳት ሌሊት ቁጥሩን በእርሳስ ትክበብና ገንጥላ ለሐኪሙ ትስጠው።