አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚታይ የአንጀት መዘጋት

አብዛኛው ጤናማ ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቁር አረንጓዴና የሚያጣብቅ የመጀመሪያ ሰገራ ያወጣል። ይህ ሰገራ ሜኮኒየም ይባላል። 48 ሰዓት አልፎ ካልወጣ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም ሕፃኑ አረንጓዴ ካስመለሰ አንጀቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

መንስኤዎቹ ምንድን ናቸው?

የሚከተሉት በጽንስነት ጊዜ የሚፈጠሩ ችግሮች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በወላጆች ጥፋት የሚመጡ አይደሉም።

• አትሬዥያ፦ አንጀቱ አንድ ቦታ ላይ ተደፍኖ ወይም ተቋርጦ ይፈጠራል። ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሲሆን ከዳውን ሲንድረም ጋር ሊያያዝ ይችላል።
• የአንጀት አቀማመጥ መዛባት፦ አንጀቱ ቦታውን ስላልያዘ በራሱ ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል። ያን ጊዜ የደም ዝውውሩ ይቋረጥና አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።
• የሂርሽስፕሩንግ ሕመም፦ በትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ የነርቭ ሕዋሳት ስለሌሉ ሰገራው አይገፋም። ከ5,000 ሕፃናት 1 ያህሉን ያጋጥማል።
• የፊንጢጣ ቀዳዳ አለመኖር፦ ሕፃኑ እንደተወለደ በደንብ ከታየ ይታወቃል።
• የሜኮኒየም መወፈር፦ ሰገራው እንደ ሙጫ ተጣብቆ አንጀቱን ይዘጋል። ብዙውን ጊዜ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ከሚባል በዘር ከሚተላለፍ ሕመም ጋር ይያያዛል።

መቼ ወደ ሆስፒታል እንሂድ?

አረንጓዴ ትውከት የድንገተኛ ሕክምና ምልክት ነው። ሕፃኑ ሰገራ ቢያወጣም፣ ደህና ቢመስልም፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። አንጀት የተጠመዘዘበት ሕፃን መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በመንገድ ላይ በእናቱ ደረት ላይ አድርጋችሁ አሙቁት። ሆዱን ለማለስለስ ብላችሁ ቅቤ፣ አብሽ ወይም የባህል መድኃኒት አትስጡት።

ሕክምናው እንዴት ነው?

ጡት መጥባት ለጊዜው ይቆማል፤ በአፍንጫ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ጨጓራው ይተነፍሳል፤ ፈሳሽ በደም ስር ይሰጣል። ከዚያ ራጅ ይነሳል። ሂርሽስፕሩንግ ከተጠረጠረ ከአንጀቱ ናሙና ይወሰዳል። አብዛኞቹ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ለአንዳንዶቹ ሰገራ ለጊዜው በሆድ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ እንዲወጣ ይደረግና በኋላ ይዘጋል።

እናት በዚህ ጊዜ ወተቷ እንዳይደርቅ እያለበች ብታስቀምጥ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ሕፃኑ የእሷን ወተት ያገኛል።