ባህል ከማን ጋር ይኑር?

የመንግሥት መዋቅር በተነካ ቁጥር አዲስ ማኅተም ለማስቀረጽ ከሚሯሯጡት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ባህልን የያዘው ነው። ጤናው ጤና፣ ፍትሑም ፍትሕ እንደተባለ ይኖራል። ባህል ግን አንዴ ከማስታወቂያ፣ አንዴ ከወጣቶች፣ ከዚያ ከቱሪዝም፣ በኋላም ከስፖርት ጋር ደባል እየሆነ ኖሯል። ከስፖርት ጋር መጣመሩ ለብዙዎች እንግዳ ቢመስልም መነሻ የለውም አይባልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9፣ መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመጠበቅ፣ ለኪነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። ይህን የሚሠራው መሥሪያ ቤት ማን ይባል የሚለው ግን ለየጊዜው አዋጅ የተተወ ነው።

በንጉሡ ዘመን ነገሩ ሁሉ በየፊናው ነበር። ኪነ ጥበብ ከትምህርት ጋር ተዳብሎ የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረ። ለጥንታዊ ቅርሶች በ1958 ራሱን የቻለ አዋጅ ወጣላቸው። ቱሪዝምን «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በሚለው መፈክር ለዓለም ያስተዋወቁት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ። ስፖርቱን ከሚኒስትሮች ይልቅ የስፖርት ሰዎች ይመሩት ነበር፤ ተጫዋችም አሠልጣኝም አስተዳዳሪም የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ባህልና ስፖርትን አንድ ጣሪያ ሥር ያስገባው ደርግ ነው። የባህልና ስፖርት ጉዳይ ሚኒስቴር ሲባል ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ሕዝብን ማደራጀትና ማንቀሳቀስ። በየቀበሌው፣ በየከፍተኛውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ጊሽ ዓባይና የጎንደሩ ፋሲለደስ ስማቸው አገር ያዳረሰው ያኔ ነው። ያኔ ናዝሬት የምትባለው አዳማ የየረርና ከረዩ አውራጃ ዋና ከተማ ስለነበረች መዋቅሩ ከላይ እስከ ቀበሌ ወርዶባታል። ከኪነት ቡድኑ ብዙ መፈክር፣ ትንሽም ጥሩ ሙዚቃ ወጣ ብንል ማጋነን አይሆንም። ትንሽ የተባለው ሙዚቃ ግን እስከ ዛሬ ይሰማል።

ከ1983 በኋላ ያለውን በአዋጅ ቁጥር መከተል ይቀላል። በ1987 በአዋጅ ቁጥር 4 ባህል ከማስታወቂያ ጋር ሆነ። በ1994 በአዋጅ ቁጥር 256 የወጣቶች፣ ስፖርትና ባህል ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ሚኒስትሩም ተሾመ ቶጋ ነበሩ። በ1998 ሦስቱ ተለያዩና ባህል ወደ ቱሪዝም ሄደ፣ ወጣቱና ስፖርቱ አብረው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ስፖርት ኮሚሽን፣ መልሶ ሚኒስቴር፣ መልሶ ኮሚሽን ሆኗል። በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1263 ቱሪዝም ራሱን ቻለና ባህልና ስፖርት እንደገና ተገናኙ። የመጀመሪያው ሚኒስትር ቀጀላ መርዳሳ ነበሩ።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ቃል ሲቀየር ወረዳ ላይ የሚደርሰው ድልድል ነው። ሠራተኛ በአዲሱ መዋቅር ይመደባል፤ መዝገብ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወንበርና ኮምፒውተር በርክክብ ቅጽ ይፈረምባቸዋል፤ ቲተሩ ይቀየራል። ከሁሉ የሚከፋው የፋይሉ ነገር ነው። አንድ የወረዳ ባለሙያ ለዓመታት የመዘገበው የቅርስ ቆጠራ «የቱሪዝም ነው ወይስ የባህል?» የሚል ጥያቄ ከተነሣበት ሁለቱም ጋ ላይገኝ ይችላል። ለእኔ የዚህ መሥሪያ ቤት ትልቁ ችግር በጀት ሳይሆን መርሳት ነው።

በኦሮሚያ ሌላም ነገር ተጨምሮበታል። ክልሎች ቢሮዎቻቸውን የሚያዋቅሩት በራሳቸው ምክር ቤት በመሆኑ የፌዴራሉን ስም ተከትለው የመለወጥ ግዴታ የለባቸውም። በኦሮሚያ የባህልና ቱሪዝም ቢሮና የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ተለያይተው ሠርተዋል። እናም ላይ ባህልና ስፖርት ሲጋቡ፣ እዚህ ታች ስፖርት ከወጣቱ ጋር ነው። የፌዴራሉን አንድ ደብዳቤ ሁለት ቢሮ ይመልሰዋል ማለት ነው።

አዳማ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላት። ከ1992 እስከ 1997 የክልሉ ዋና ከተማ ስለነበረች የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ወደዚህ ተዛውረው ነበር፤ ናዝሬት የሚለው ስምም በአዳማ የተተካው በዚያው ሰሞን ነው። ዋና ከተማነቱ ወደ ፊንፊኔ ቢመለስም የክልሉ ምክር ቤት፣ የጨፌው፣ ጉባኤዎች አዳማ ላይ መካሄዳቸው ቀጥሏል፤ የገልማ አባ ገዳ አዳራሽም ከስብሰባ እስከ ባህል ትርኢት ያስተናግዳል። በአንድ ከተማ የዞንም የከተማም የባህል ጽሕፈት ቤት ጎን ለጎን ሲሠራ ቆይቷል፤ ባለጉዳይ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ቢቸገር አይፈረድበትም።

ወደ ሥራው እንግባ። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ፣ ከባቱ ብዙም ሳይርቅ ገደሞታ የሚባል ከፍታ አለ። መሬቱ ላይ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ባልጩት ተበትኖ ይታያል፤ ጠርዙን በጣት ቢነኩት ምላጭ ነው። ከዚያ የተገኙ ሹል የጦር ጫፎች ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠው በ1992 በወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት የፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ ለወረዳው የባህል ባለሙያ የሚቀረው መጠበቅ፣ ገበሬውን ማስተማርና ድንጋይ ጭኖ የሚሄድ መኪና ሲያይ ማመልከት ነው። ያለ መኪና እንዴት እንደሚጠብቀው አዋጁ አይናገርም።

ከባድ የሚሆነው ሕያው ባህል ላይ ነው። የቢሾፍቱው ሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ባለቤቱ ሕዝቡ፣ መሪዎቹም አባ ገዳዎች ናቸው፤ የመንግሥት ቢሮ ድርሻ መንገድ ማስጠረግ፣ ውኃና አምቡላንስ ማቅረብ፣ እንግዳ ማስተናገድ መሆን ነበረበት። መስከረም 22 ቀን 2009 ግን ከመድረኩ በተነሣ ተቃውሞ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ በተፈጠረው ግርግር በርካታ ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ በተደረገ ስብሰባ ዩኔስኮ የገዳ ሥርዓትን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ዓለም ላወቀለት ሥርዓት አገር ቤት መድረኩ የማን ነው የሚለው በሰው ሕይወት ነበር የተጠየቀው። የባህል ቢሮ ስለ መድረክ ሲያስብ ይህን ቀን ቢያስታውስ ደግ ነው።

የስፖርቱ ክፍል ደግሞ ስሙን እንኳ ከከተማው ጋር ይጋራል። አዳማ ከተማ፣ ሻሸመኔ ከተማ፣ ሐዋሳ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ የሚባሉ ክለቦች የከተማ አስተዳደር ክለቦች ናቸው፤ የተጫዋች ደመወዝ በአብዛኛው የሚመጣው መንገድና የውኃ መስመር ከሚሠራበት ካዝና ነው። ሻሸመኔ በ2016 ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ወረደ። ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ መካሄድ ከጀመረ ወዲህም የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ክለቦችን በየተራ ሲያስተናግድ ከርሟል፤ ሆቴሎቹም ተጠቅመዋል። በ1990 የጸደቀው የስፖርት ፖሊሲ ያተኮረው ግን ኅብረተሰቡ በሚኖርበት፣ በሚማርበትና በሚሠራበት ቦታ ስፖርት እንዲያዘወትር ላይ ነበር። በየሰፈሩ ሜዳ ሲታጠርና ሕንጻ ሲወጣበት የሚጮኸው ልጅ በዚህ ሚዛን ከሊጉ ክለብ ይቀድማል ባይ ነኝ።

የከተማው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ክለቡን ሊያቋቁምና ሊደግፍ ይችላል፤ ሜዳም ማስተካከል ሥራው ነው። ጨዋታውን ማስተዳደር ግን የፌዴሬሽኑ ነው። ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም፦ በ2000 ፊፋ በፌዴሬሽኑ የአመራር ውዝግብ ሰበብ ኢትዮጵያን ሲያግድ ብሔራዊ ቡድኑ በፈረንጆቹ 2010 ለተካሄደው የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ ያደረገው የማጣሪያ ውጤት ተሰርዞበታል። ያኔ ስፖርቱን የያዘው መሥሪያ ቤት የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስቴር ይባል ነበር።