የጉና ቁር፣ ፒክአፑና ሾፌሩ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን «የቻይና መንገድ» የነዳ ሰው፣ ነፋስ መውጫ ስሟን ከየት እንዳገኘች አይጠይቅም። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ፣ ነፋስ መውጫ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። የጉና ተራራ ጫፍ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ፎገራ ሜዳ ላይ በሸሚዝ የተነሳ ሾፌር ጋይንት ሲደርስ ጋቢ ፍለጋ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ውድ አንባብያን፣ በጤናና ሥነ ምግብ አምድ ስለ መኪና ማንሳታችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ፒክአፕ የዕቃ ማመላለሻ ብቻ አይደለም። ድንችና ገብስ ገበያ ያደርሳል፣ ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ሆስፒታል ይወስዳል፣ ለቅሶ ደራሽና ሠርገኛ ይጭናል። ስለዚህ የመኪናውና የሾፌሩ ዝግጅት የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ነው። የእኛ ትልቁ ስጋትም ከቅዝቃዜው ከራሱ ይልቅ፣ ሰው ከቅዝቃዜው ለማምለጥና ሌሊቱን ለመግፋት ሲል የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው።

በሚኒሶታ ወይም በካናዳ መኪና የሚነዱ ዘመዶቻችን ስልክ ሲደውሉ «በረዶ ወረደብን» ይላሉ። አማርኛችን ሁለቱንም በረዶ ይበላቸው እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። እዚያ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ሞተሩን ሌሊቱን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያሳድሩታል፣ ጎማውን በክረምት ጎማ ይቀይራሉ። የእኛ ደጋ ጠባዩ ሌላ ነው። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በክረምቱ ደግሞ ጉምና ዝናብ አለ፣ ድንገት የሚወርደው በረዶም መሬቱን ለጥቂት ጊዜ አንጥፎ ይቀልጣል። ስለዚህ ከውጭ አገር የሚላከው ምክር ሁሉ ለጉና አይሆንም። የጎማ ሰንሰለት ከመግዛት ያለቀ ጎማ መቀየር ይቀድማል።

መኪናውን ማዘጋጀት

ባትሪ ብርድ አይወድም። አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ ሞተር የማስነሳት አቅሙን ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ በዚያው ሰዓት የሞተር ዘይቱ ወፍሮ ሥራውን ያከብድበታል። ወረታ ላይ እንደ ምንም የሚያስነሳ ደካማ ባትሪ ነፋስ መውጫ ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ማሳፈሩ አይቀርም። ከወቅቱ በፊት ማስመርመርና ጫፎቹን ማጽዳት ይገባል። መኪናው የናፍጣ ከሆነ ቁልፉን ከፍቶ የማሞቂያው መብራት እስኪጠፋ መታገስ ያስፈልጋል፤ ካንዴሊቲዎቹም በደንብ መሥራታቸው ይታይ። ከሞተሩ ሥር ጭድ አንድዶ ማሞቅን የሚመክር ካለ አትስሙት፤ የነዳጁም የዘይቱም ቱቦ የሚያልፈው እዚያው ነው።

የጎማ ንፋስ በቀዝቃዛ አየር ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ በቆላው ሙቀት ልክ የተሞላ ጎማ በማግሥቱ ንጋት ደጋ ላይ ሲለካ ጎድሎ ይገኛል። ስለዚህ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ ቢለካ ጥሩ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት የራዲያተር ክዳንን ነው። ውሃ በባሕር ወለል አካባቢ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 3,000 ሜትር ላይ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል። ግፊቱን ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ይዞ ጭነት ተሸክሞ የጉናን ዳገት የሚወጣ መኪና፣ ሾፌሩ እየተንቀጠቀጠ ሞተሩ ሲፈላ መታየቱ ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ክዳኑን በችኮላ የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን ክፉኛ ይቃጠላል። ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። ተራ ውሃ ከመጨመር ግማሹን ኩላንት፣ ግማሹን ንጹሕ ውሃ ማድረግ ይሻላል፤ መፍላትን ያዘገያል፣ ዝገትን ይከላከላል፣ በእኛ አገር ከሚደርስ ከማናቸውም ውርጭ በታች ካልሆነም አይረጋም።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ዜሮ አድርጎ የመውረድ ልማድ አለ። ቁጠባው ኢምንት ነው፤ ፍሬኑ ግን ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞ ይግላል፣ ሲግልም መያዙን ይተዋል። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የቆየ የሾፌሮች ምክር ነው። በረዶ ሲወርድ ደግሞ ፍሬው አስፋልቱ ላይ ተበትኖ ከጎማው ሥር እንደ ባቄላ ይንከባለላል። ያን ጊዜ ፍሬን በኃይል መርገጥ መኪናውን ያሽከረክረዋል። ፍጥነት ቀንሶ፣ ጥግ ይዞ፣ መብራት አብርቶ መቆም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ተመልሶ ዓይን ይወጋልና አጭሩን መጠቀም ይገባል።

ጋቢና ውስጥ እሳት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። የመሸበት ሾፌርና ረዳቱ መኪናቸው ውስጥ ያድራሉ። ብርዱ ሲጠና ወይ ሞተሩን አስነስተው መስታወቱን ይዘጋሉ፣ ወይ የከሰል ማንደጃ ጋቢና ውስጥ ያስገባሉ። ጠባብ የማደሪያ ክፍል ተከራይቶ ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋትም ከዚህ አይለይም። ሦስቱም ወደ አንድ መርዝ ያደርሳሉ፤ እሱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አይለበልብም። ኦክስጅንን የሚሸከመውን የደም ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። ደጋው ላይ ሌላ ችግርም ይጨመራል። 3,000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው በሲሶ ገደማ ያነሰ ስለሆነ መርዙ ፈጥኖ ይጎዳል። የሚጀምረው በራስ ምታት፣ በማዞር፣ በማቅለሽለሽና በድካም ነው። ሰዎች እነዚህን ምልክቶች ከጉዞ ድካም ወይም ከረሃብ ይቆጥሯቸዋል፣ ይተኛሉ፤ የተኛ ሰው ደግሞ ራስ ምታቱ አይቀሰቅሰውም። «ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ሆኗል» ማለት ማስተማመኛ አይሆንም፤ ፍሙም ጋዙን ያወጣል።

በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ወዲያው በርና መስታወት ተከፍቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰዎቹ ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው፤ ብርድ ቢሆንም። ራሱን የሳተ ወይም ግራ የተጋባ ካለ ኦክስጅን ያስፈልገዋልና ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ማርሚታው የተቀደደ ወይም የወለሉ ላስቲክ የተበሳ መኪና በጉዞ ላይም ጋዙን ወደ ጋቢና ያስገባል፤ ከረጅም ጉዞ በፊት ይህን ማስፈተሽ ከባትሪውም ይቀድማል እንላለን።

መኪና ውስጥ ማደር ግድ ከሆነ ሙቀቱ ከልብስ ይምጣ። ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ደረቅ ካልሲ፣ በሙቅ ውሃ የተሞላ ፔርሙስ ከማንደጃ ይሻላሉ።

ከኋላ የተጫኑት

ጋቢናው ውስጥ ያለ ሰው ከኋላ ያለውን ብርድ አያውቀውም። አየሩ 5 ዲግሪ ቢሆንና መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ነፋሱ ፊት ላይ የሚያሳድረው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይሰማል። ልብሱ በዝናብ የራሰ ሕፃን ወይም ሽማግሌ በዚህ ሁኔታ ብዙ አይቆይም። መንቀጥቀጥ የነበረበት ሰው መንቀጥቀጡን ትቶ ከደነዘዘ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ «ተሻለው» ሳይሆን ባሰበት ማለት ነው። እርጥቡን ልብስ አውልቆ፣ ራሱን ጭምር በደረቅ ጠቅልሎ፣ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ሙቅ ሻይ መስጠት ይገባል። እጅና እግሩን በኃይል ማሸት አያስፈልግም። አረቄ ያሞቃል የሚሉም አሉ፤ የሚሞቀው ቆዳው ብቻ ነው፣ የውስጥ ሙቀቱን አውጥቶ ይበትነዋል። የዝናብ ሸራ ከኋላ ተወጥሮ ሰው ከሥሩ ሲቀመጥም የጭስ መውጫው አየር ተመልሶ ወደ ሸራው ሥር እንደሚገባ ሾፌሩ ያስብ። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን በምንም ምክንያት ከጋቢና ውጭ ባይጫኑ ይመረጣል።

እንቅልፍ፣ ጫትና ስንቅ

17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አነዳዱ አልኮል ከጠጣ ሰው አነዳድ ጋር እንደሚመሳሰል በጥናት ታይቷል። ጫት እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካውም። ምርቃናው ሲበርድ የተጠራቀመው ድካም በአንዴ ይመጣል፣ ያ ሰዓት ብዙ ጊዜ ከንጋቱ በፊት፣ ጉሙም ብርዱም በሚበረታበት ጊዜ ላይ ይውላል። ጫት የምግብ ፍላጎትንም ስለሚዘጋ ሾፌሩ ባዶ ሆዱን ብርድ ይገጥመዋል። ዓይን ሲከብድ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ቡና ጠጥቶ 20 ደቂቃ መተኛት ይረዳል፤ የቡናው ኃይል ሥራ የሚጀምረው ሲነቃ ነውና።

ለስንቅ የጋይንት ገብስ ይበቃል። በሶ በለብታ ውሃ፣ ቆሎ፣ ጠዋት ገንፎ፣ የተቀቀለ ድንች ቀስ ብለው ኃይል ይሰጣሉ። ቅባት የበዛበት ከባድ ምሳ ግን ከመሪው ላይ ያስተኛል። በብርድ ጥማት ስለማይሰማ ሾፌሮች ውሃ ይተዋሉ፤ ደረቁ የደጋ አየር ግን በትንፋሽ ብዙ ውሃ ይወስዳል፣ ራስ ምታቱም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። በረመዳን ሙሳፊር አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት እንደተፈቀደለት የታወቀ ነው። ዓይኑ እየጨለመ ሰው ጭኖ የሚነዳ ወንድም ይህን ፈቃድ ቢያስታውስ መልካም ነው።

ናፍጣና ኩላንት

ናፍጣ በአፍ ስቦ ማውጣት እንደ ጀግንነት ይታያል። ትንሿ ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባች ከሰዓታት በኋላ ብርቱ የሳንባ ምች ታስከትላለች። የዋጠ ሰው እንዲያስታውክ አይገደድ፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ይገባልና። የእጅ ፓምፕ መግዛት ነው።

ኩላንት ደግሞ ጣፋጭ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ትንሽ መጠን የልጅን ኩላሊት ሊያጠፋ፣ ሊገድልም ይችላል። በለስላሳ ጠርሙስ አይገልበጥ፣ ባዶ ዕቃው የዘይት ወይም የውሃ ጀሪካን ሆኖ ወደ ማጀት አይግባ። ልጅ ቀመሰ ከተባለ ምልክት ሳይጠበቅ፣ ዕቃውን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

ብርዱ ወባ ሲሆን

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ብርድ ብቻ አይደሉም። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ወደ ባሽሎና ወደ አባይ ሸለቆ የወረደ መኪና በአንድ ቀን ከቁር ወደ ቆላ ይገባል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የቆላው ወባና የደጋው ውርጭ መጀመሪያ ይገጣጠማሉ። ሾፌሩ ቆላ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ትንኝ ይነክሰዋል፣ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነፋስ መውጫ ላይ ይንቀጠቀጣል። «ብርድ መታኝ» ብሎ ጋቢ ይደራርባል፣ ዝንጅብል በማር ይጠጣል። ደገኛ ሰው ደግሞ ወባን የሚቋቋም የለመደ ሰውነት ስለሌለው በሽታው ቶሎ ይጠናበታል። ቆላ ሲታደር አጎበር ከስኮርት ጎማው እኩል መኪና ላይ ይኑር። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ በዚያው ቀን በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ደም መመርመር ያስፈልጋል፤ ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ወባን መጀመሪያ ላያስብ ስለሚችልም፣ ታማሚው ወይም ያመጡት ሰዎች የትኛው ቆላ፣ መቼ እንዳደረ ቀድመው ይንገሩት።