ሰሜን ኢዝሊንግተን፦ የአንድ አስተማማኝ መቀመጫ ታሪክና የወደፊት ዕጣ

አስተማማኝ መቀመጫ የሚባለው አንድ ፓርቲ በተከታታይ ምርጫዎች በሰፊ የድምፅ ልዩነት ሲያሸንፍበት በመኖሩ ተፎካካሪዎቹ ተስፋ የቆረጡበት የምርጫ ክልል ነው። ይህ በብዛት የሚታየው በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ሲሆን፣ በዚህ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ ዕጩዎች የበለጠ ድምፅ ያገኘው ሰው፣ ድምፁ ከግማሽ በታች ቢሆንም እንኳ፣ ብቻውን ፓርላማ ይገባል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የደነገገውም፣ የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት 650 አባላት የሚመረጡበትም ሥርዓት ይኸው ነው።

ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ክልል ፓርቲዎች ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን ስለማያፈሱ፣ እውነተኛው ውድድር ከምርጫ ጣቢያው ይርቅና አሸናፊው ፓርቲ ዕጩውን ወደሚመርጥበት ስብሰባ ይዛወራል፤ በዚያ ስብሰባ የሚሳተፉት ደግሞ ከመራጩ ሕዝብ ጥቂቶቹ ናቸው። ይሁንና አስተማማኝነቱ የማን ነው? የፓርቲው ወይስ የተወካዩ? ተወካዩና ፓርቲው አብረው እስካሉ ድረስ ይህን ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በሰሜን ለንደን የሚገኘው የሰሜን ኢዝሊንግተን የምርጫ ክልል ግን ሁለቱ ሲለያዩ ሁለት ጊዜ አይቷል፤ የሰጠውም መልስ ሁለት ዓይነት ነው።

የቀድሞው የአርሴናል ስታዲየም የነበረበትን ሃይበሪን የሚያካትተው ይህ ክልል በቆዳ ስፋት ከብሪታንያ የምርጫ ክልሎች እጅግ ትንሹ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሲታወቅ ቆይቷል። ሌበር ፓርቲ መቀመጫውን እ.ኤ.አ. በ1937 በተደረገ የማሟያ ምርጫ፣ ማለትም በጠቅላላ ምርጫዎች መካከል የተጓደለ ወንበር ለመሙላት በሚካሄድ ምርጫ፣ ከያዘ ወዲህ በየጠቅላላ ምርጫው ሲያሸንፍበት ኖረ። በ1969 የተመረጡት ማይክል ኦሃሎራን በ1981 ሌበርን ለቀው አዲስ ወደተመሠረተው የሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲ ቢሄዱም፣ በ1983 ከእርሱም ተለይተው ያለ ፓርቲ ድጋፍ ሲወዳደሩ አራተኛ ወጡ። አሸናፊው አዲሱ የሌበር ዕጩ ጀረሚ ኮርቢን ነበሩ፤ ያገኙትም 40 በመቶ ያህል ድምፅ ነው። መራጩ ያን ጊዜ የተከተለው ፓርቲውን ነበር።

ኮርቢን ከ1983 እስከ 2019 አሥር ጠቅላላ ምርጫዎችን በሌበር ስም አሸነፉ፤ ፓርቲውን በመሪነት ባገለገሉበት በ2017ም ድርሻቸው 73 በመቶ ደረሰ። በ2020 ግን በፓርቲው ውስጥ ስለነበረው ፀረ አይሁድነት የወጣውን ሪፖርት ተከትሎ በሰጡት አስተያየት ከሌበር የምክር ቤት አባላት ቡድን ተገለሉ፤ በ2023 የፓርቲው ሥራ አስፈጻሚ ዳግመኛ ዕጩ እንዳይሆኑ ወሰነ፤ በ2024ም በግል ዕጩነት ቀረቡ።

በብሪታንያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ዕጩዎች በቤተሰብ ስማቸው ፊደል ተራ ይሰፍራሉ፤ ከፓርቲ ዕጩ ስም ጎን የፓርቲው አርማ ሲታተም፣ ከግል ዕጩ ጎን ግን አርማ የለም። ስለዚህ ለዓመታት የሌበርን የጽጌረዳ አርማ አይቶ ምልክት ማድረግ የለመደው የሰሜን ኢዝሊንግተን መራጭ በዚያን ዕለት ጽጌረዳውን ያገኘው ከሌላ ሰው ስም ጎን ነበር። እንዲያም ሆኖ ኮርቢን 24,120 ድምፅ ሲያገኙ የሌበሩ ዕጩ 16,873 አገኙ። ሌበር በአገር አቀፍ ደረጃ 411 መቀመጫ ባሸነፈበት በዚያው ቀን 87 ዓመት ሲያሸንፍበት የኖረው መቀመጫ ከእጁ ወጣ።

የሁለቱ ውጤቶች ልዩነት የሚያስረዳው ታማኝነት ለፓርቲ ብቻ የሚሰጥ እንዳልሆነ፣ ተወካዩ ለአርባ ዓመት ያህል የየነዋሪውን አቤቱታ ሲሰማ ከኖረ ግን የራሱ ስንቅ እንደሚሆነው ነው። ይህ ስንቅ ግን በቀላሉ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። በ1949 የተወለዱት ኮርቢን በ2025 ከሌበር ከወጡት የምክር ቤት አባል ከዛራ ሱልታና ጋር አዲስ ፓርቲ ለመመሥረት ተነሥተዋል፤ ቀጣዩ ጠቅላላ ምርጫ በ2029 ከተካሄደ ዕድሜያቸው 80 ይደርሳል። እርሳቸው ከውድድሩ በወጡ ጊዜ ድምፁ ወደ ሌበር ይመለሳል ወይስ አዲሱን ፓርቲ ይከተላል የሚለው ጥያቄ ለሰሜን ኢዝሊንግተን እውነተኛ ፉክክር ሊያመጣ ይችላል። ለመራጩ ይህ መልካም ነው፤ አስተማማኝ በተባለ መቀመጫም ቢሆን ሥልጣኑ የእርሱ እንደሆነ ዕጩ አቅራቢዎቹ እንዲያስታውሱ ያስገድዳቸዋልና።